ከረጅም በረራ የወጣ አውሮፕላን ለባቱ አበባ ምን ይፈይዳል?

በባቱና በቆቃ ለሚመረተው አበባ አውሮፕላን እንደ ውኃና ማዳበሪያ ሁሉ የማይታለፍ ግብዓት ነው። የተቀጠፈ ጽጌረዳ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ አውሮፓ ካልደረሰ ዋጋ አያወጣም። ስለዚህ አየር መንገዱ የትኛውን አውሮፕላን በየትኛው መስመር እንደሚያሰማራ የስምጥ ሸለቆ አምራችንም ይመለከታል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767ን እ.ኤ.አ. በ1984 ተረክቦ ለረጅም ዓመታት በሩቅ መስመሮች ተጠቅሞበታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ቦይንግ 787 ደግሞ እንደ አምራቹ ስሌት 20 በመቶ ያህል ነዳጅ ይቆጥባል። ቁጠባው ጎልቶ የሚታየው ብዙ ሰዓት በሚወስድ በረራ ላይ በመሆኑ አዲሱ አውሮፕላን በቅድሚያ ወደ ሩቅ መስመር ይመደባል። አሮጌው ወደ አጭር መስመር ይዛወራል፣ ይሸጣል፣ አለዚያም የጭነት አውሮፕላን ይሆናል።

ለአበባ አምራቹ የሚበጀው ይህ የመጨረሻው ነው። አየር መንገዱ ከእስራኤል ኤሮስፔስ ኢንዱስትሪስ ጋር ተስማምቶ 767-300 የመንገደኛ አውሮፕላኖችን አዲስ አበባ ላይ ወደ ጭነት የመለወጥ ሥራ ውስጥ ገብቷል። ወንበሮቹ ይነሣሉ፤ ወለሉ ይጠናከራል፤ በጎኑ ሰፊ የጭነት በር ይከፈታል። ነዳጅ ቢበላም የመግዣ ዋጋው ከአዲስ አውሮፕላን እጅግ ያነሰ በመሆኑ ያዋጣል።

አበባ በመንገደኛ አውሮፕላን ሆድ ውስጥም ይጫናል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የመንገደኛ በረራዎች ሲቋረጡ ይህ ቦታ አብሮ ጠፍቶ ነበር፤ አየር መንገዱም የአንዳንድ አውሮፕላኖችን ወንበር አንሥቶ ጭነት አመላልሶባቸዋል።