ታላቁ ልጅ ቦታውን እንዳያጣ

እናት በሰላም ስትገላገል ቤቱ በደስታ ይሞላል። ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፤ ገንፎው ይገነፋል፤ አጥሚቱ ይቀዳል፤ የሁሉም ዓይን አዲሱ ሕፃን ላይ ያርፋል። በዚህ ግርግር መካከል በር ጥግ ቆሞ የሚመለከት የሦስት ዓመት ልጅ መኖሩን ስንቶቻችን እናስተውላለን?

እስከ ትናንት ድረስ የቤቱ ብርቅ እርሱ ነበር። ዛሬ የእናቱ ጭን ተይዟል። ስለዚህም አልጋ ላይ መሽናት ትቶ የነበረው እንደገና ይሸናል፤ ሮጦ የማይጠግበው «እዘይኝ» ይላል፤ ሕፃኑን ይቆነጥጣል፤ ወይም ዝም ብሎ ይተክዛል። ወላጆች ብዙ ጊዜ «ጠባዩ ተበላሸ» ብለው ይቆጡታል። ነገር ግን ይህ የክፋት ሳይሆን የሥጋት ምልክት ነው። ልጁ በአድራጎቱ የሚጠይቀው «አሁንም ትወዱኛላችሁ ወይ?» ብሎ ነው።

እንደ የካ አባዶ ባሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ደግሞ ችግሩ ይጠናል። ብዙ ቤተሰቦች ከቀድሞ ሰፈራቸው፣ ከአያትና ከአክስት ርቀው ይኖራሉ። በግቢ ኑሮ ታላቁን ልጅ ወስዶ የሚያጫውት ዘመድ አይጠፋም ነበር፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ግን እናትና ሁለቱ ልጆች ብቻቸውን ይውላሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወለደች ሠራተኛ 90 ቀን የድኅረ ወሊድ ፈቃድ ሲሰጥ ለአባት የሚሰጠው 3 ቀን ነው። ስለዚህ አባት ከሥራ መልስ ያለውን ሰዓት ለታላቁ ልጅ ቢያውል ትልቅ እርዳታ ነው።

ነገሩ የስሜት ብቻም አይደለም። ዶክተር ሲሲሊ ዊሊያምስ የተባሉ ሐኪም በዛሬዋ ጋና ሲሠሩ እ.ኤ.አ. በ1935 ክዋሽዮርኮር ስለተባለው የምግብ እጥረት በሽታ ጽፈዋል። ስሙ የተወሰደው ከአገሬው የጋ ቋንቋ ሲሆን፣ ታናሽ ሲወለድ ከቦታው የተነሣ ልጅ የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። ጡት የተከለከለው ሕፃን በቂ ምትክ ምግብ ሳያገኝ ሲቀር ይታመማል፤ እግሩም ያብጣል። ስለዚህ ጡት ላይ እሬት ቀብቶ በአንድ ቀን ማስጣል አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅትም ጡት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲሰጥ፣ ከወሊድ በኋላ እስከሚቀጥለው እርግዝና ቢያንስ 24 ወር እንዲቆይ ይመክራል።

እንግዲህ እናቶች ምን ታደርጉ?

ከመውለዳችሁ በፊት ለልጁ ንገሩት። አልጋ የሚቀይር ወይም መዋዕለ ሕፃናት የሚገባ ከሆነ ቀደም ብሎ ይሁን፤ ከወሊዱ ጋር ከተገጣጠመ ሕፃኑ ያባረረው ይመስለዋል።

ከወለዳችሁ በኋላ ሕፃኑ ሲተኛ ሩብ ሰዓት እንኳ ቢሆን ለታላቁ ብቻ ስጡ። ጡጦ ቢጠይቅ አትሳቁበት። የሽንት ጨርቅ ያቀብል፤ ተመስገኑም ይነገረው። ይሁን እንጂ ገና አምስት ዓመት ያልሞላትን ልጅ «ሴት ናትና» ብሎ ሞግዚት ማድረግ ልጅነቷን መንጠቅ ነው።

ሕፃኑን ቢመታ እጁን ይዛችሁ «መምታት አይቻልም» በሉት እንጂ አትግረፉት። ሁለቱን ብቻቸውን አትተዉ። ልጁ ምግብ እምቢ ካለ፣ ከከሳ ወይም እግሩ ካበጠ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አራስ ጠያቂዎችም ድርሻ አለን። «አለቀልህ፣ እናትህን ተቀማህ» የሚለው ቀልድ ለእኛ ሳቅ ነው፤ ለልጁ ግን እውነት ነው። አራስ ቤት ስትገቡ አስቀድማችሁ ታላቁን በስሙ ጠርታችሁ ሳሙት፤ ወንድሙን ወይም እኅቱን እርሱ ራሱ ያሳያችሁ።