ለነሐሴ የሚሆነው በኅዳር ይቀመጥ

ሃያ ሁለት ማዞሪያ ስሙን ያገኘው ከ22 ቁጥር አውቶቡስ መሆኑ ይነገራል። በየወሩ በ22 የሚታሰበው የቅዱስ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያንም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ የቁጥሩ መገጣጠም ግን አጋጣሚ ነው። በበዓሉ ዕለት ነዳያን በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ሳንቲሙም ዳቦውም ከየአቅጣጫው ይመጣላቸዋል። በዓሉ ሲያልፍ ያው እጅ ተዘርግቶ ይውላል፤ የሚሰጠው ግን ጥቂት ነው።

ይህ የገበሬ ማኅበር መሪዎችን ምን ያገባቸዋል የሚል ይኖር ይሆናል። ከተዘረጉት እጆች ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ ስለሆኑ በእጅጉ ያገባቸዋል። ጧሪ ያጡት አሮጊት ቀዬአቸውን ለቀው የሚወጡት ጎረቤት ጨካኝ ስለሆነ አይደለም። ገበሬያችን በአውድማና በተዝካር ጊዜ እጁ የተፈታ ነው። ዳሩ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ድኻውም ቢሆን ቃርሞ አያጣም። ችግሩ የሚጠናው ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ የሰጪውም ጎተራ ሲጎድል ነው። ስለዚህ የጎደለው ደግነት ሳይሆን የጊዜ ዕቅድ ነው።

ዕቅዱ ለሕዝባችን እንግዳ አይደለም። ክርስቲያኑ ዐሥራት ያወጣል። ሙስሊሙ ምርቱ ከተወሰነው መጠን ሲያልፍ በዝናብ ከበቀለው ከአሥር አንድ፣ በመስኖ ተደክሞበት ከበቀለው ከሃያ አንድ ዘካ ያወጣል፤ ይህንንም በመኸሩ ጊዜ ነው። ዕድርም ቢሆን ሰው ሳይሞት በፊት በየወሩ ይከፈላል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ዓላማም ዕርዳታው ረኀብ ከገባ በኋላ በጥድፊያ ከሚመጣ፣ ወሩና መጠኑ አስቀድሞ ታውቆ እንዲደርስ ማድረግ ነበር።

በከተማም የተለወጠ ነገር አለ። ሰርጉን ወይም የሙት ዓመት መታሰቢያውን በድግስ ፈንታ፣ ቀኑን አስቀድሞ አሳውቆ፣ በመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ያሉትን በመመገብ የሚያሳልፍ ሰው አይታጣም። በብድር የሚደገስ ተዝካር ባለበት በገጠራችን ይህ ቢታሰብበት መልካም ነው።

ስሌቱን እንመልከት። አንድ ማኅበር 200 አባወራዎች አሉት እንበል። እያንዳንዱ ቤት በውቂያ ጊዜ 25 ኪሎ እህል ለይቶ ቢያስቀምጥ 50 ኩንታል ይሆናል። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ቢታሰብ፣ ይህ 27 ሰዎችን ዓመቱን ሙሉ ይቀልባል። ለሦስቱ የችግር ወራት ብቻ ከሆነ ደግሞ ከ100 በላይ ሰዎችን ያደርሳል። በአንድ ማኅበር ውስጥ ጧሪ የሌለው ይህን ያህል ሰው መኖሩ ያጠራጥራል፤ እንግዲህ 25 ኪሎውም ሊቀንስ ይችላል ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን መጠንቀቅ ያሻል። መሪው መጠኑን ወስኖ በግድ ካስወጣ ነገሩ ግብር ይሆናል፤ ገበሬውም ግብርን እንዴት እንደሚሸሽ ያውቅበታል። እያንዳንዱ ቤት ከራሱ ምርት የሚያወጣውን ራሱ ቢወስን፣ ቢቻልም የሚረዳውን ሰው ራሱ ቢመርጥ ይሻላል። የአጎቱን ባልቴት ወይም ከአጥር ማዶ ያሉትን ዐይነ ስውር ሽማግሌ የሚያውቅ ሰው፣ እህል ብቻ ሳይሆን ማገዶና የውኃ ቀጂ እንደሚጎድላቸውም ያውቃል። የማኅበሩ ድርሻ ማን ለማን እንደያዘ በመዝገብ መጻፍና ያልተያዘ ችግረኛ መቅረቱን ማየት ነው። የተረጂዎችን ስም በስብሰባ ላይ ማንበብ ፈጽሞ አያስፈልግም። ሰው ከቀዬው የሚሰደደው በረኀብ ብቻ ሳይሆን በኀፍረትም ነውና።

የተለየው እህል እስከ ነሐሴ መቆየት ስላለበት አቀማመጡ ይታሰብበት። ጤፍን ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም። በቆሎና ማሽላ ግን በደንብ ሳይደርቁ ከተከተቱ ክረምቱ ሳይጋመስ ዱቄት ሆነው ይገኛሉ። አየር የማያስገባው ድርብ ከረጢት ከተገኘ በእርሱ፣ ካልተገኘም ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይገባል። ከረጢቱ ላይ የባለቤቱ ስም ሳይሆን የሚከፈትበት ወር ይጻፍበት።