ድጎማው በቀመር፣ ግድቡ በምን?

መኪና ከማይገባባቸው የጃናሞራና የበየዳ ደጋማ ቀበሌዎች ለገበያ የሚወጣ ገብስ እስከ መኪና መንገድ ድረስ በአህያና በበቅሎ ይጓዛል። የጭነቱ ዋጋ ከገበሬው ይቀነሳል፣ አለዚያም ጎንደር ላይ በሸማቹ ይጨመራል። መንገዱ በየትኛው በጀት ይሠራ የሚለው ጥያቄ የገበያም ጥያቄ የሆነው በዚህ የተነሣ ነው።

የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ ወደ ክልል የሚደርሰው በዋናነት በሁለት በር ነው።

አንደኛው ድጎማ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 62 መሠረት ቀመሩን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በ1990ዎቹ ከግማሽ በላይ ክብደት የተሰጠው ለሕዝብ ብዛት ነበር። በኋላ የክልሎች የወጪ ፍላጎትና የገቢ አቅም ልዩነት መሰላት ቢጀምርም፣ የሕዝብ ቁጥር ወሳኝነቱን አላጣም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የአማራ ክልል ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ሲባል፣ አስቀድሞ ከተገመተው በ2.5 ሚሊዮን ገደማ አንሶ በመገኘቱ ጉዳዩ ፓርላማ ደርሶ አከራክሯል። በ2009 እና በ2011 ዓ.ም. ቀጣዩ ቆጠራ ስለተላለፈ ስሌቱ በትንበያ ላይ ተንጠለጠለ።

ክልሉ የደረሰውን ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ በጥቅል በጀት ለወረዳዎች ያከፋፍላል። የወረዳው በጀት አብዛኛው ለመምህራን፣ ለጤናና ለግብርና ሠራተኞች ደመወዝ ይውላል። የቀድሞው ሰሜን ጎንደር በ2010 ዓ.ም. ገደማ ለሦስት ዞን ሲከፈል አስተዳደሩ ቢቀርብም፣ ገደል የሚያስጥስ የመንገድ ገንዘብ ግን አብሮ አልመጣም።

ሁለተኛው በር የፌዴራል ፕሮጀክት ነው። ዋና መንገድ፣ ግድብና ዩኒቨርሲቲ በድጎማው ቀመር አይከፋፈሉም። በጎንደር አቅራቢያ የመገጭ ግድብ ግንባታ ከ10 ዓመት በላይ ሲጓተት ቀመሩ የሚያደርገው ነገር አልነበረም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት የመሠረተ ልማት ሥርጭትን ፍትሐዊነት ቢከታተልም፣ መከታተልና ማከፋፈል ይለያያሉ።

የፖለቲካ ድርድር በቀላሉ የሚገባውም በዚህኛው በር ነው። ድጋፉ ለሚፈለግ አካባቢ የመሠረት ድንጋይ ማስቀመጥ ብዙ ወጪ አያስወጣም። ውድ የሚሆነው በየዓመቱ ሊመደብ የሚገባው ገንዘብ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ከዚያ በፊት በሚጸድቀው በጀት ላይ ነጋዴውም ገበሬውም ሊጠይቁ የሚገባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ለፕሮጀክቱ ስንት ብር ተያዘ? ካለፈው ዓመት ስንቱ ሥራ ላይ ዋለ? ከሌላው አካባቢ የቀደመው ወይም የዘገየው በምን መመዘኛ ነው?