አፍንጫው ተደፍኖ ስለሚወለድ ሕፃን

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን ተማሪዎች ለዕረፍት አገር ቤት ስንገባ፣ ሐኪም ባንሆንም እንደ ዐዋቂ እንጠየቃለን። ስለዚህ ይህን ዐውቀን ብንሄድ ይጠቅማል።

አዲስ የተወለደ ሕፃን በአብዛኛው የሚተነፍሰው በአፍንጫው ነው። ከ7,000 ሕፃናት አንዱ ገደማ ግን የአፍንጫው የኋላ ቀዳዳ በአጥንት ወይም በሥጋ ተደፍኖ ይወለዳል። ሁለቱም ወገን የተደፈነ እንደ ሆነ ሕፃኑ ጡት ሲይዝ ይታፈናል፤ ከንፈሩም ይጠቁራል። ሲያለቅስ አፉ ስለሚከፈት መልኩ ይመለሳል። ይህ የቡዳ ሥራ አይደለም፤ አየር ማጣት ነው።

ሌላው ሕመም በአንጎልና በአፍንጫ መካከል ያለው አጥንት ሳይገጥም ሲቀር የሚመጣ ነው። በክፍተቱ የአንጎል ሽፋን፣ አንዳንዴም አንጎሉ ራሱ፣ ወደ አፍንጫ ይወርዳል፤ እባጭም ይመስላል። ይህን መብጣት ለአንጎል ሕመም በር መክፈት ነው።

ቀድሞ ሐኪሞች ላንቃ ወይም የራስ ቅል ይከፍቱ ነበር። ዛሬ ግን ኢንዶስኮፕ የሚባለውን፣ መብራትና መነጽር ያለውን ቀጭን መሣሪያ በአፍንጫ ቀዳዳ ያስገባሉ፤ ለሕፃናት የሚሆነው ውፍረቱ 2.7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በእርሱ እያዩ የተደፈነውን ይከፍታሉ፤ ያልገጠመውን ከአፍንጫው ውስጥ በተወሰደ ስስ ሥጋ ይደፍናሉ። ፊት ላይ ጠባሳ አይቀርም። እርግጥ ሁሉም እባጭ በዚህ መንገድ አይታከምም፤ የሚለየው በምርመራ ነው።

ሥራው ከጤና ጣቢያ ዐቅም በላይ ነው። ሆኖም ጤና ጣቢያው የሕፃኑን አፍ ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ አግብቶ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ከፍተኛ ሐኪሞች ሊያደርሰው ይችላል። እንግዲህ ለወላጆች የምንነግራቸው ሁለት ቃል ነው፦ አትብጡ፤ አትዘግዩ።