ፍቅሩን እናውቀዋለን፤ ግብሩንስ?

በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ፍኖተ ሰላምን አልፎ ቡሬ ሳይደርስ ማንኩሳን ያገኛታል። ትንሽ ከተማ ናት፤ ስልካችሁ ላይ አቀርቅራችሁ ከሆነ ሳታዩዋት ልታልፉ ትችላላችሁ። ስሟ ሲጠራ ግን ጎጃምን ረግጦ የማያውቅ ሰው እንኳ «የበዛብህ አገር!» ይላል። በዛብህ እኮ በምድር ላይ ኖሮ አያውቅም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የፈጠሩት ሰው ነው።

እኛ ትልልቅ ምናባዊ ዓለሞችን የለመድነው ከፊልም ነው። «ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን አይተናል፤ የቶልኪንን ቀለበት ተከትለናል። እነዚያ ደራሲዎች ተራራና ወንዝ ፈጥረው፣ ካርታ ሥለው፣ የነገሥታት ዘር ቆጥረው ነው ዓለማቸውን ያቆሙት። ሐዲስ ይህ አላስፈለጋቸውም። ማንኩሳም፣ ዲማም፣ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ የሚያደርሰው መንገድም ነበሩ። ዘር ቆጣሪውም ቢሆን በየመንደሩ ሞልቷል።

መንገዱን በእግራቸው ያውቁታል። በ1902 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ አጠገብ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። እንደ በዛብህ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል፤ ዲማ ጊዮርጊስም ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ከዚያ አዲስ አበባ ገብተው ዘመናዊ ትምህርት ተከታተሉ። ጣሊያን ሲወር ከራስ እምሩ ጋር ዘመቱ፤ ተማርከውም ጣሊያን አገር ሰባት ዓመት ገደማ ታሰሩ። ሲመለሱ ዲፕሎማት፣ አምባሳደር፣ የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ትልቁ መጽሐፋቸው ሲወጣ ዕድሜያቸው 56 ነበር። በ25 ዓመታችሁ «አለቀልኝ፣ ዘገየሁ» የምትሉ፣ ይቺን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይህን መጽሐፍ ሲያነብ ከፍቅሩ ጎን ሌላ ሒሳብ ይታየዋል። በአማርኛ «ግብር» ሁለት ትርጉም አለው፤ ገበሬ ለባለሥልጣን የሚከፍለውም ግብር ነው፣ ባለሥልጣኑ አዳራሽ የሚበላውም ግብር ነው። የፊታውራሪ መሸሻ ቤት የቆመው በዚህ ነው። በጎጃም ገበሬው ርስት ነበረው፤ መሬቱን ከአባት ከአያቱ ይወርሳል። ባለ ጉልቱ ደግሞ በዚያ መሬት ላይ ከሚያርሰው ሰው ግብር የመቀበል መብት አለው። አንዱ ያርሳል፣ ሌላው ይበላል።

ፊታውራሪው ከልማዱ በላይ ሲጠይቁ፣ ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት «አንሰጥም» አሉ። ፊታውራሪው ሊቀጧቸው ዘመቱ፤ ተማርከው ቀሩ። ድራጎን የለም፣ አስማት የለም። ያለው መክፈል ያቃተው ሰው ነው።

ፍቅሩም ከዚህ አይለይም። ሰብለ ወንጌል ሳታገባ የቆየችው አባቷ ለዘራቸው የሚመጥን አማች ስላጡ ነው። ዘር ለሳቸው የሥልጣን ዋስትና ነው፤ የማንኩሳ ገበሬ ልጅ ደግሞ በዚያ ሚዛን ላይ ምንም አይመዝንም። ጉዱ ካሣ የቤቱ ዘመድ ሆኖ ሳለ ይህ ሥርዓት መለወጥ አለበት ስላለ እብድ ተባለ። በዛብህና ሰብለን የለያያቸው፣ ከገበሬው ጎተራ እህሉን የሚዝቀው ያው እጅ ነው።

«ልብ ወለድ አይደል፣ ምን አገባን?» ለምትሉ፣ መጽሐፉ በወጣ በሁለት ዓመቱ መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር አወጀ። የጎጃም ገበሬ መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ሊነካ ነው ብሎ ሠጋ፤ አልከፍልም ብሎም አመፀ። ጦር ተላከበት፤ በመጨረሻ ግን መንግሥት ውዝፍ ግብር እስከ መሰረዝ ደረሰ። ገበሬው መጽሐፉን አንብቦ አመፀ ማለቴ አይደለም። ሐዲስ ያደጉበትን ሰው ያውቁት ነበር፤ ትዕግሥቱ የት ላይ እንደሚያልቅም ጭምር።

የሚገርመው፣ ይህን የጻፉት ሰው ራሳቸው ከዚያው መንግሥት ባለሥልጣኖች አንዱ መሆናቸው ነው። በኋላ ደርግ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሥልጣን ሲያቀርብላቸው አልተቀበሉም። «ወንጀለኛው ዳኛ»ን፣ «የልምዣት»ንና «ትዝታ»ን ጽፈው በ1996 ዓ.ም. አረፉ።

ብዙ ሰው መጽሐፉን የሚያውቀው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው፤ ትረካው ዛሬ ስልካችን ላይ አለ። እኛ ግን የሰብለንና የበዛብህን ክፍል ብቻ እየቆረጥን እንላላካለን። በዚህ ሳምንት ጊዜ ካላችሁ የአበጀ በለውንም ክፍል ስሙት። ከዚያ አሁን በምትኖሩበት ሰፈር ግብሩን ማን እንደሚከፍል፣ ግብሩን ማን እንደሚበላ አስቡ።