አራት መቀመጫ፣ አንድ ማህተም

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት መቀመጫውን ለአንድ ከተማ አልሰጠም፤ ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ቴፒና ተርጫ ተካፈሉት። ለፖለቲካው የሚመች መፍትሔ ነው። የቢሮ ሠራተኛው ግን አንዱ ከተማ ላይ የጀመረውን ጉዳይ ሌላው ከተማ ላይ ለመጨረስ ይመላለሳል። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም ቢሆን ከስሙ እንደሚታወቀው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በተራራቁ ሁለት ከተሞች የቆመ ነው። ተራርቆ አብሮ የሚያሠራ ቴክኖሎጂ በአገሪቱ ከየትም በላይ ሊወደድ የሚገባው እዚህ ነበር።

ቴክኖሎጂው አልጠፋም። ወረዳኔት የተባለው የመንግሥት ኔትወርክ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ተዘርግቶ ከ500 በላይ ወረዳዎችን በሳተላይት አገናኝቷል። ኢጊኒዮ ጋግሊያርዶኔ የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደሚሉት ግን ሥርዓቱ በዋናነት ያገለገለው መመሪያን ከላይ ወደ ታች ለማውረድ ነው። የወረዳው ሰው ስክሪን ፊት ተቀምጦ ማስታወሻ ይይዛል፤ ስብሰባው ሲያልቅ ወደ ፋይሉ ይመለሳል። ቢፒአር፣ ቢኤስሲ፣ ካይዘን፣ 1 ለ 5 የተባሉ የአሠራር ማሻሻያዎችም ተከታትለው መጡ። እያንዳንዱ የራሱን ቅጽ ይዞ መጣ፤ የቀደመውን ቅጽ ግን ይዞት አልሄደም። ነባር ሠራተኛ አዲስ ሥርዓት ሲነገረው «እስኪ እናያለን» የሚለው ከዚህ ልምዱ ነው።

ይኸው ሠራተኛ ግን ማንም ሳያሠለጥነው ቴሌግራም ተጠቃሚ ሆኗል። አንድ የስብሰባ ጥሪ ደብዳቤ የሚሄድበትን መንገድ እንከተል። ረቂቁ ይጻፋል፣ ኃላፊው ይፈርማል፣ ቲተርና ክብ ማህተም ይመታበታል፣ መዝገብ ቤት የወጪ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ከግርጌው የግልባጭ ዝርዝር ይሰለፋል። ከዚያ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳውና የመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ ላይ ይለቀዋል። ከቴፒም ከተርጫም «ደርሶናል» የሚል መልስ ይመጣል። ሥራው እዚህ ላይ አልቋል። ወረቀቱ ግን በፖስታ ታሽጎ በመኪና ይከተላል፤ አንዳንዴ ስብሰባው ካለቀ በኋላ ይደርሳል። ፋይል መያያዝ አለበት፤ ነገ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠይቀው ዋናውን ነው።

እንደ እኔ ችግሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ሠራተኛው ቴክኖሎጂ አልጠላም፤ አንድን ሥራ ሁለት ጊዜ መሥራት ግን ማን ይወዳል? ሕጉ እንደሆነ ከቀደመ ቆይቷል፤ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 በ2010 ዓ.ም.፣ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ በ2012 ዓ.ም. ወጥተዋል። (ከአዋጆቹ ወዲህ በየቢሮው የማህተም ቀለም ግዢ ቀንሶ እንደሆነ ቢጠና ደስ ይለኛል።) በእርግጥ ሠራተኛው ወረቀቱን የሚይዝበት ሌላም ምክንያት አለው። በ2015 ዓ.ም. ቴሌግራምና ሌሎች ማኅበራዊ ሚዲያዎች ለወራት ተገድበው፣ ቪፒኤን የሌለው ከግሩፑ ወጥቶ ከርሟል።

አሮጌው መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ለማየት የሞባይል ክፍያውን ቴሌብርን እንይ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2015 ዓ.ም. የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ ብቻ ይሁን ሲባል ማደያው ጥሬ ብር አልቀበልም አለ። ማጉረምረሙ ነበረ፣ ሰልፉም ነበረ። ነገር ግን አሮጌው በር ተዘግቶ ነበርና ሾፌሩ በአንድ መንገድ ብቻ ከፈለ፤ ማረጋገጫው ወዲያው ስልኩ ላይ መጣለት።

አንድን ሥራ ሁለት ጊዜ የመሥራቱ ፈተና አሁን ወደ ክልሉ ቡና ዞሯል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2001 ዓ.ም. ቡና ማገበያየት ሲጀምር የአምራቾች ቡና በአካባቢና በደረጃ እየተደባለቀ ይሸጥ ነበር፤ ከሸካ ዞን ጫካ የወጣው ቡና «ቴፒ» ከመባል ባለፈ ከማን ማሳ እንደመጣ አይታወቅም ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ደን ጭፍጨፋን የሚከለክለው ደንብ ደግሞ ተቃራኒውን ይጠይቃል፤ ቡናው እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ባልተመነጠረበት መሬት መመረቱ በማሳው መገኛ ነጥብ እንዲረጋገጥ ያዛል። ተግባራዊነቱ ሁለት ጊዜ ቢራዘምም አልቀረም። በጥላ ዛፍ ሥር እዚህም እዚያም ቡና ያለው ገበሬ ዘንድ ስልክ ይዞ የሚሄደው የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ነው። ነጥቡን ይወስዳል፣ ስም ይሞላል፣ ይልካል። ያንኑ ደግሞ ለሳምንታዊ ሪፖርት በወረቀት እንዲሞላ ከታዘዘ፣ ገበሬውም መገኛውን ሰጥቶ የዕለቱ ዋጋ እንኳ በስልኩ ካልመጣለት፣ ሁለቱም በሚቀጥለው ዓመት ፊታቸውን ያዞራሉ።

አራቱ ከተሞች ከአንድ ሥራ ሊጀምሩ ይችላሉ፤ የስብሰባ ጥሪ ወይም የአበል ጥያቄ ይሁን። ቀን ተቆርጦ ከዚያ ቀን ወዲያ በወረቀት የመጣው ተቀባይ አያገኝም። ይህን መወሰን የሚችሉት ፋይናንስና ኦዲት ናቸው። ስለ አዲስ ሥርዓት ለሚሰጥ ሥልጠና የሚጠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ የአይሲቲ ባለሙያው ብቻ ነው።