ቦኔቪል ለምን ይንቀጠቀጣል? ምኑስ ይቀየራል?

ትራያምፍ ቦኔቪል ቲ120 እንግሊዝ ውስጥ ለገበያ የቀረበው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው፤ 649 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር። ዛሬ ከእሱ የሚፈጥን፣ ዘይትም የማያንጠባጥብ ሞተር ሳይክል ሞልቷል። ሆኖም ወዳጆቹ አይለቁትም፤ ምክንያቱን ለማግኘት ሞተሩን መክፈት ይሻላል።

ሁለቱ ፒስተኖች አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ፤ ነዳጅ የሚያቃጥሉት ግን በየተራ ነው። ስለዚህ ሞተሩ አንዴ በዞረ ቁጥር አንድ ፍንዳታ አለ። ያ ልኩን ጠብቆ የሚመታው የማርሚታ ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ንዝረቱም ከዚሁ ነው፤ ማካካሻው ክብደት የሚያረግበው በከፊል ብቻ ስለሆነ፣ የተረፈው በመሪው በኩል ወደ ነጂው እጅ ይመጣል። ቡሎንም ያላላል። ይህን ጨርሶ ማጥፋት የሚፈልግ ሰው፣ እኔን ከጠየቀኝ፣ አዲስ ቢገዛ ይሻለዋል።

የሚቀየረው እሳቱ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ሞዴሎች ለእያንዳንዱ ካንዴላ ብልጭታ የሚያዙት እየገጠሙ የሚላቀቁ ጥንድ ጥቃቅን ብረቶች ናቸው። ሲገጥሙ የባትሪው ኤሌክትሪክ በቦቢናው ያልፋል። የቫልቭ ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ጉብታ ሲያላቅቃቸው ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፤ በዚያች ቅጽበት ቦቢናው ከፍተኛ ቮልቴጅ ይለቃል። በፍጥነት ሲነዳ፣ ብልጭታው ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ 38 ዲግሪ ያህል ሲቀረው መምጣት አለበት። ብረቶቹ ግን እየተቃጠሉና እየተበሉ ክፍተታቸው ይለወጣል። አንዱ ጥንድ ሲቀድም ሌላው ይዘገያል፤ ሞተሩም የባሰ ይንቀጠቀጣል።

እንደ ቦየር ብራንስደን ያለው ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ በብረቶቹ ፋንታ ማግኔት ያስገባል። ማግኔቱ ከዘንጉ ጋር እየዞረ በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲያልፍ፣ ብልጭታውን ለሚያዘው ኤሌክትሮኒክ ሳጥን ምልክት ይልካል። የሚነካካ ነገር ስለሌለ የሚበላም የለም። ሁለቱ ካንዴላዎች በአንድ ጊዜ ያበራሉ፤ ተራው ያልደረሰው ሲሊንደር ውስጥ ያለው የተቃጠለ ጋዝ ስለሆነ ትርፉ ብልጭታ ጉዳት የለውም። ማግኔቱና የሽቦ ጥቅሉ ብረቶቹ በነበሩበት ክብ ክዳን ስር ይደበቃሉ፤ የሞተሩ መልክም ድምፁም አይነካም። ማሻሻያ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ከመግጠም በፊት ግን ባትሪውንና ሽቦውን ይፈትሹ፤ ቮልቴጁ ሲወርድ የብልጭታው ጊዜ ይዛባል። በእነዚህ ሞዴሎች ከሻሲው ጋር የሚታሰረው ደግሞ የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። በመኪና ልማድ ኔጌቲቩን ያሰረ ሰው አዲሱን ሳጥን ሳይነዳበት ሊያቃጥለው ይችላል።